ቤቱ ሰው ይቆጥራል ወይስ ይገምታል?

ውድ አዘጋጆች፣

በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ስለ ስማርት ቤቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ከነከነችኝ። በርካሽ ሴንሰሮች ብቻ ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ማወቅ ይቻላል ይላል። በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም። እኔ የምተዳደረው እነዚህኑ ሴንሰሮች በመግጠምና የሚልኩትን ዳታ በማንበብ ስለሆነ ሁለት ሦስት ነገር ልበል። ርካሹ ሴንሰር ሰው አይቆጥርም። የሆነ ነገር እንደተንቀሳቀሰ ብቻ ይናገራል፤ ቁጥሩን የሚገምተው ከጀርባ ያለው ሶፍትዌር ነው። ይህን ሳያውቅ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያወጣና መብራቱ ላዩ ላይ ሲጠፋበት «በቃ ካሜራ ይገጠምልኝ» ማለት ይጀምራል። እኔን ያስጨነቀኝ ይሄ የመጨረሻው ነው።

መጀመሪያ ስለዚያች ግድግዳ ላይ ስለምትለጠፈው ነጭ ነገር። ፒአይአር ይሏታል። ከራሷ ምንም አትልክም፣ ከሰውነታችን የሚወጣውን ሙቀት፣ ማለትም ኢንፍራሬድ ጨረር፣ ትቀበላለች እንጂ። ውስጧ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የሙቀት መቀበያዎች አሉ፤ የአንዱ ምልክት የሌላውን እንዲያጣፋ ተደርገው ነው የተገናኙት። ፊት ለፊት የምናያት ነጭ ፕላስቲክ ደግሞ ጌጥ አይደለችም፣ ክፍሉን በብዙ ቀጫጭን ዞኖች የምትሸነሽን ሌንስ ናት። ሰው ከአንዱ ዞን ወደ ሌላው ሲሻገር አንዱ መቀበያ ከሌላው ቀድሞ ይሞቃል፣ ሚዛኑ ይዛባል፣ ሴንሰሯም «አለ» ትላለች። ከዚህ ውጭ የምታውቀው ቃል የላትም። አንድም ሰው ይለፍ አምስት፣ መልሷ ያው «አለ» ነው።

ሁለቱ መቀበያዎች እኩል ከሞቁ ደግሞ ሚዛኑ ስለማይዛባ ጭጭ ነው። ሶፋ ላይ ተደላድሎ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ለፒአይአር የለም። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላችሁ መብራቱ ድርግም ብሎባችሁ እጃችሁን እንደ እብድ አወዛውዛችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ሴንሰሩ አልተበላሸም፣ የተፈጠረበትን ሥራ እየሠራ ነው። ክፍሉ ራሱ በጣም ሲሞቅና ወደ ቆዳችን ሙቀት ሲጠጋ ደግሞ የሚንቀሳቀሰውንም ሰው ለማየት ይቸገራል። በባትሪ ከሚሠሩት አንዳንዶቹ ኃይል ለመቆጠብ ሲሉ አንዴ ካዩ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ማን ገባ፣ ማን ወጣ? እግዜር ይወቅ።

ታዲያ «አለ» ብቻ ከሚሉ ሴንሰሮች ቁጥር ከየት ይመጣል? ከጊዜና ከቦታ ነው። ሥራውን የምወደውም በዚህ ምክንያት ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው፣ ታገሡኝ።

አንድ ቤት አስቡ። ወጥ ቤቱ በአንድ ጫፍ፣ መኝታ ቤቱ በሌላው ጫፍ፣ መሃል ላይ ኮሪደር፣ ከኮሪደሩ ደግሞ ወደ ሳሎን የሚያስገባ በር። በየክፍሉና በኮሪደሩ አንዳንድ ሴንሰር አለ፤ ያዩትን ወዲያው የሚናገሩ፣ እንደዚያ ዓይናቸውን የሚጨፍኑት ዓይነት ያልሆኑ። ማታ 2:14 ከ3 ሰከንድ ላይ የወጥ ቤቱ «አለ» አለ። 2:14 ከ5 ሰከንድ ላይ የመኝታ ቤቱ «አለ» አለ። በሁለቱ ክፍሎች መሃል 9 ሜትር ያህል አለ እንበል። ሰው ቤት ውስጥ በሰከንድ ከ1.2 እስከ 1.4 ሜትር ቢራመድ ነው፣ ስለዚህ ያንን መንገድ ለመጨረስ ከ6 እስከ 8 ሰከንድ ይፈልጋል። በ2 ሰከንድ ማንም አይደርስም። ኮሪደሩም ቢሆን ምንም አላየም። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰው አለ። «ቢያንስ» የምትለዋን ያዙልኝ።

እንቀጥል። 2:14 ከ40 ላይ ኮሪደሩ፣ ከ43 ላይ ሳሎኑ «አለ» አሉ። ጥሩ፣ ከሁለቱ አንዱ ወደ ሳሎን ሄዷል ብለን እናልፋለን። ከዚያ ግን 2:15 ከ20 ላይ ወጥ ቤት፣ ከ21 ላይ መኝታ ቤት፣ ከ22 ላይ ሳሎን። ሦስቱም በ2 ሰከንድ ውስጥ! ኮሪደሩ ከዚያች ከ40 በኋላ አልተነፈሰም፣ የውጭው በርም አልተከፈተም። ቢያንስ ሦስት ሰው አለ ማለት ነው። ይሄኔ ሶፍትዌሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ማሰብ አለበት፤ ሦስተኛው ሰው ከሰማይ አልወረደም፣ መጀመሪያውኑ ከሁለቱ ክፍሎች በአንዱ ውስጥ ሁለት ሰው ነበር። በየትኛው? ዳታው አይናገርም። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ ላይ ተኝቶ የነበረ ሰው ቢኖርስ? ያኔ ቁጥሩ ያው ሦስት ሆኖ ታሪኩ ሌላ ይሆናል፦ ኮሪደሩ ላይ የታየው ሰው ከወጥ ቤት ወይም ከመኝታ ቤት ብቅ ብሎ ወደነበረበት የተመለሰ ሊሆን ይችላል፣ ሳሎን ያለው ደግሞ እንቅልፍ ላይ ሆኖ ተገላብጧል። ሁለቱም ታሪኮች ከዳታው ጋር ይስማማሉ።

ይቺ የደቂቃ ከሩብ ታሪክ የነገሩን ሁሉ ባሕርይ ታሳያለች። ሴንሰሮቹ የሚሰጡን ዝቅተኛውን ቁጥር ነው። ላይኛውን አይነግሩንም፤ ሦስት ሰው ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያወራ ለቤቱ አንድ ነው። ደግሞም እውነቱ የሚገለጠው ዘግይቶ ነው፤ ከ2:14 ላይ የነበረው ቁጥር የታወቀው 2:15 ላይ ነው። ለጥናት ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም ይቻላል። መብራት ማብራት ያለበት መሣሪያ ግን አሁኑኑ መልስ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ባለው ይገምታል።

ይሄን ጉዳይ የሚያጠኑ ሰዎችም አንድ ቤት ውስጥ ከአንድ በላይ ሰው ሲኖር ችግሩ በአንዴ እንደሚወሳሰብ ያውቁታል። በአሜሪካ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ካሳስ የሚባለው ፕሮጀክት ሰው በሚኖርባቸው ቤቶች ውስጥ እንዲህ ያሉ ሴንሰሮች ገጥሞ ዳታውን ለተመራማሪዎች ክፍት አድርጓል፤ ከቤቶቹ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሰው ያለባቸውም፣ ሁለት ሰው የሚኖርባቸውም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ከኢስታንቡሉ ቦአዚቺ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አራስ የተባለውን ዳታ አወጡ፦ ሁለት ቤቶች፣ በእያንዳንዳቸው ሁለት ነዋሪ፣ በእያንዳንዳቸው 20 ሴንሰር። እዚያ ቤት ውስጥ ማን ምን እንዳደረገ የተመዘገበው ነዋሪዎቹ ራሳቸው እየመዘገቡ ነው። ልብ በሉ፣ 20 ሴንሰር ያለበት ቤት ውስጥ ለሁለት ሰው እንኳ እውነቱን ያወቁት ሰዎቹን ጠይቀው ነው።

«በሩ ላይ ለምን አንቆጥርም?» የሚል አይጠፋም። ሁለት የማይታዩ የብርሃን መስመሮችን በሩ ላይ ትዘረጋለህ፣ የውጭው ቀድሞ ከተቆረጠ ገባ፣ የውስጡ ቀድሞ ከተቆረጠ ወጣ። ቀላል ይመስላል። ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሲገባ ግን አንድ ነው። ልጅ ታቅፎ የገባም አንድ ነው። ደፍ ላይ ቆሞ የሚያወራ፣ ግማሽ ገብቶ የሚመለስ፣ ትልቅ ሻንጣ የሚጎትት ሁሉ የየራሱ ጣጣ አለው። የባሰው ደግሞ ስህተቱ መጠራቀሙ ነው። ቆጣሪው ከ100 ማለፊያ 2 ብቻ ይሳሳታል እንበል፣ በጣም ጎበዝ ቆጣሪ ነው። በቀን 50 ጊዜ በሚታለፍበት በር ላይ ያ ማለት በየቀኑ አንድ ስህተት ነው፣ የዛሬውም ነገ ይቀጥላል። ቤት ውስጥ ከዜሮ በታች ሁለት ሰው አለ የሚል ቆጣሪ በዓይኔ አይቻለሁ።

ለዚህ በባለሙያዎች ዘንድ ሳጥን ውስጥ ያለችው ተርብ የሚባል ቆንጆ ዘዴ አለ። ተርቧ ሳጥኑ ውስጥ ስትጮህ ከሰማህና ክዳኑ ካልተከፈተ፣ ዝም ብትልም እዚያው ናት። ቤቱም እንደዚያ ነው፦ በሩ ከተዘጋ በኋላ እንቅስቃሴ ከታየ ሰው አለ፣ በሩ እስኪከፈት ድረስ ሴንሰሩ ለሰዓታት ዝም ቢልም ሰውየው የትም አልሄደም። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ፒአይአርና በሩ ላይ የምትገጠም፣ መከፈት መዘጋቱን በማግኔት የምታውቅ ትንሽ መሣሪያ ብቻ ነው። በሩ ተከፍቶ ከተዘጋ በኋላ ቤቱ በሙሉ ለረጅም ጊዜ ጸጥ ካለ ደግሞ የበሩን ቆጣሪ ወደ ዜሮ መመለስ ይቻላል፣ የተጠራቀመው ስህተት በዚያው ይጠራል። ያ ሶፋ ላይ የተቀመጠ አንባቢ መብራቱ የሚጠፋበት ጉዳይም ባብዛኛው በዚህ ይፈታል። ብዙ ሰው ውድ ዕቃ የሚገዛው ይቺን ዘዴ የነገረው ስለሌለ ይመስለኛል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው ሴንሰርስ? ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ሰው ይተነፍሳል፣ ብዙ ሰው ብዙ ይተነፍሳል። ሒሳቡን እንሥራው። ተቀምጦ ያለ አዋቂ ሰው በሰዓት ወደ 18 ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ክፍሉ 4 ሜትር በ3 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር ከሆነ 30 ሺህ ሊትር አየር ይይዛል። ክፍሉ ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ በሰዓት 600 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 600 እጅ) ይጨምራል ማለት ነው፣ ማለትም በ5 ደቂቃ 50። የብዙዎቹ ሴንሰሮች የስህተት መጠን ደግሞ 50 ፒፒኤም አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ገብቶ 5 ደቂቃ እስኪቀመጥ ድረስ ሴንሰሩ በእርግጠኝነት የሚለው ነገር የለውም። ይሄ እንግዲህ መስኮት ሳይከፈት ነው። መስኮት ከተከፈተ አየሩ ወደ ውጭው 420 ፒፒኤም ገደማ ይወርዳል፣ ሰውም አብሮ የወጣ ይመስላል። ሕፃን ከአዋቂ ያነሰ ያወጣል፣ የተኛ ከነቃ ያነሰ፣ የጋዝ ምድጃ ከተለኮሰ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ለአየር ማናፈሻ ግን ከዚህ የተሻለ የለም፤ ማናፈሻው ስንት ሰው እንዳለ ማወቅ አያስፈልገውም፣ አየሩ መታፈኑን ካወቀ ይበቃዋል።

ስልክ መቁጠር የሚሉም አሉ። ይለፈኝ። ሁለት ስልክ ያለው አለ፣ ስልክ የሌለው ልጅ አለ፣ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ደግሞ ስልኮቹ ራሳቸው በዋይፋይ ላይ መለያቸውን ይቀያይራሉ።

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ቁጥሩ ለምን አስፈለገ? ይሄን ጥያቄ ደንበኞቼን ስጠይቅ አብዛኞቹ ትንሽ ያስቡና «መብራቱ እንዳይበራ፣ ማሞቂያው ባዶ ቤት እንዳያሞቅ» ይላሉ። ይሄ ቁጥር አይደለም። ሰው አለ ወይስ የለም ነው፣ እሱን ደግሞ ያቺ የተርቧ ዘዴ በደንብ ትመልሰዋለች። በቤት ውስጥ ከዚያ አልፎ በእውነት የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ ነገር ነው፣ እሱም አንድ ሰው ብቻ ነው ወይስ ከአንድ በላይ የሚለው። ሦስት ይሁን አራት ለቤት ምን ይፈይዳል? ስብሰባ አዳራሽ አይደለም።

ያቺ «አንድ ወይስ ከአንድ በላይ» የምትለዋ ግን ቀልድ አይደለችም። ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ቤት አስቡ። ልጆቻቸው ካሜራ አይሆንም ብለው በየክፍሉ ፒአይአር አስገጠሙላቸው፤ ሲስተሙ የእማማን የቀን ውሎ ይማራል፣ በተለመደው ሰዓት ወጥ ቤት ካልገቡ ወይም መታጠቢያ ቤት ገብተው ካልወጡ ለልጆቹ በስልክ መልእክት ይልካል። ሸጋ ነው። አሁን የልጅ ልጅ መጥታ ከረመች እንበል። ወጥ ቤቱ «አለ» ይላል፣ ኮሪደሩ «አለ» ይላል፣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። እማማ ግን መኝታ ቤት ወድቀው ሊሆን ይችላል፤ የልጅቷ እንቅስቃሴ የእሳቸውን ዝምታ ሸፈነው። ከዚያም አልፎ ሲስተሙ የልጅቷን የሌሊት መውጣት መግባት የእማማ ልማድ አድርጎ ይማረዋል፣ እንግዳዋ ስትሄድ ደግሞ ያለምክንያት መጮህ ይጀምራል። እዚህ ጋ ቤቱ ከአንድ ሰው በላይ እንዳለ ማወቅ አለበት። ቅድም እንዳየነው ደግሞ ይሄንን በደንብ ያውቃል፦ ሁለት የተራራቁ ክፍሎች በ2 ሰከንድ ልዩነት «አለ» ካሉ ነገሩ አለቀ። ሁለቱ አብረው ቁጭ ሲሉ ለጊዜው ያልፈዋል፣ ግን ቀኑን ሙሉ አብሮ የሚውል ሰው የለም፤ አንዷ ስትነሳ ይገለጣል። ያኔ ጥሩ ሲስተም «እንግዳ አለ፣ የዛሬው ዳታ የእማማ ብቻ አይደለም» ብሎ መማሩን ያቆማል፣ ለቤተሰቡም ይናገራል። ደካማው ግን «2 ሰው» ብሎ ይጽፍና ሥራውን ይቀጥላል።

ለዚህ ነው «ቢያንስ»ን ያዙልኝ ያልኩት። ስልካችሁ ላይ የሚመጣው ጽሑፍ «2» ከሚል «ቢያንስ 2» ቢል ምን ይጎዳል? የሚሸጡት ሰዎች እርግጠኛ ያልሆነ ቁጥር ዕቃውን ያስጠላል ብለው ያስባሉ መሰለኝ። እኔ ግን ከሚዋሸኝ ቤት የሚጠራጠር ቤት ይሻለኛል።

ጽሑፋችሁ መጨረሻ ላይ ደግሞ የበለጠ ለሚፈልጉ ካሜራ አማራጭ ነው ይላል። እዚህ ላይ በጭራሽ አልስማማም። አንድ ቁጥር ለማወቅ ብሎ መኝታ ቤት ደጃፍ ላይ ካሜራ መስቀል ምን የሚሉት ነው? የሰውን ፊት፣ አለባበስ፣ ጠብና ዕርቅ ሁሉ የሚያይ ዕቃ አስገብተን ከእሱ አንዲት አኃዝ ልናወጣ? በአውሮፓ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የመረጃ ጥበቃ ሕግ ለተፈለገው ዓላማ ከሚያስፈልገው በላይ የሰው መረጃ አትሰብስብ ይላል፤ ሕጉ ባይኖርም ጤነኛ አእምሮ ያንኑ ይላል። የግድ በር ላይ የተሻለ ቆጣሪ ያስፈልጋል ከተባለ 8 በ8፣ ማለትም በ64 ነጥብ ብቻ ሙቀትን የሚያዩ ትናንሽ ሴንሰሮች አሉ። ከበሩ በላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ ሰው ሞቅ ያለ ነጠብጣብ ሆኖ ነው የሚታያቸው። ሁለት ነጠብጣብ ጎን ለጎን ሲገባ ባብዛኛው ይለያሉ፣ ወዴት እንደሚሄድም ያያሉ፣ ፊት ግን በ64 ነጥብ ማንም አይለይም። የሬዲዮ ሞገድ ልኮ ነጥሮ በሚመለሰው ከሚያየው ከሚሊሜትር ሞገድ ራዳር ጋርም ጠብ የለኝም፤ የተቀመጠውን ሰው በደረቱ እንቅስቃሴ ያውቀዋል፣ ይሄ ለፒአይአር የማይሞከር ነው። ብቻ የሚወዛወዝ መጋረጃና ማራገቢያም ሰው ሊመስሉት ይችላሉ፣ ስስ ግድግዳ አልፎም የጎረቤትን ክፍል ሊያይ ይችላል።

ቁጥሩ ራሱስ ምስጢር አይደለም እንዴ? ቤቱ መቼ ባዶ እንደሆነ፣ ሴትየዋ ብቻዋን የምታድረው የትኛው ሌሊት እንደሆነ፣ ሁለት ሰው ተከራይቶ አራት እንደሚኖር... ይሄን ሁሉ ያለ አንዲት ፎቶ፣ ከእነዚያ «አለ» ከሚሉ ነጫጭ ነገሮች ብቻ ማወቅ ይቻላል። ለሌባም፣ ለአከራይም፣ ለኢንሹራንስም ሲሳይ ነው። ስለዚህ ስሌቱ ቤት ውስጥ ባለ ሳጥን ላይ ይሠራ፣ ወደ ኩባንያው ሰርቨር አይሂድ እላለሁ። ለመብራት ማጥፊያ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

ስለዚህ ጉዳይ እንደገና ከጻፋችሁ አንባቢዎቻችሁ ሻጩን እዚያው ቆመው እንዲፈትኑት ንገሯቸው። ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ በበሩ ይግባና አንዱ ሶፋ ላይ ሳይነቃነቅ ሩብ ሰዓት ይቀመጥ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይውጣ። ውሻ ወይም ድመት ካላችሁ እሷንም ልቀቋት። ከዚያ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ስልኩ ላይ ስንት እንደሚል እዩ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሴንሰር ገጣሚው አንባቢያችሁ